«ዶክተር» ብዬ የሰየምኩት ፎልደር

እጄ አርፎ አይቀመጥም። እናቴ «ምህረት፣ አንቺ ተኝተሽም ትሠሪያለሽ» ትለኛለች። ያን ጊዜ በሚዛን ተፈሪ መናኸሪያ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሚሞሪ ካርድና ፍላሽ እጭን ነበር። ዛሬም እዚያው ነኝ፤ እኔ ግን ያቺው ምህረት አይደለሁም።

ሥራውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከከተማችን ወጣ ሲባል ኔትወርክ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ሲመጣ ደስ ይላል፣ ሲቀር ማንም አይቀየመውም። ስለዚህ ገበሬው፣ ሾፌሩና ቡና ለቃሚዋ ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይመጣሉ። እኔ መዝሙሩን፣ ዘፈኑንና ድራማውን፣ ከጊዜ ወዲህ ደግሞ ፖድካስቱን ከኢንተርኔት አውርጄ እጭንላቸዋለሁ። ፖድካስት የሚለውን ቃል የሚጠራው ጥቂት ሰው ነው። «ወሬ ጫኚልኝ» ነው የሚሉኝ።

ወሬ ስጭን የራሴ አሠራር ነበረኝ። የሁለት ሰዓት ወሬ በትንንሽ ስልክ ላይ መሐል ላይ ይቆማል፣ ካርዱንም ይሞላል። ደንበኛም መግቢያ አይወድም፤ «ዋናው የት ጋ ነው የሚጀምረው?» እያለ ይነጫነጫል። እኔም መግቢያውን እቆርጣለሁ፣ ማስታወቂያውን እቆርጣለሁ፣ የሚያንቀላፋውን ክፍል እጥላለሁ። ከዚያ በፎልደር በፎልደር እከፍለውና አጭር ስም እሰጠዋለሁ፤ «መዝሙር»፣ «ሳቅ»፣ «ፍቅር»፣ «ዶክተር»። ረጅም ስም በትንሽ ስክሪን ላይ አይታይም። በዚህ አሠራሬ እኮራ ነበር። «የምህረት ወሬ ውሃ የለውም» ይሉኝ ስለነበር ልቤ ያብጥ ነበር።

«ዶክተር» የሚለውን ፎልደር የከፈትኩት ስለ ሕፃናት ትኩሳት ለሚያስረዳ አንድ እውነተኛ ሐኪም ነው። እናቶች ወደዱት። ከዚያ በኋላ ስለ ጤና የሚያወራ ነገር ሁሉ፣ ተናጋሪው ማንም ይሁን ማን፣ እዚያው እወረውር ጀመር። አንድ ቀን ታዲያ በብዙ ሰው የሚደመጥ አንድ ፖድካስት አገኘሁ። እንግዳው ድምፁ የሽማግሌ ነው፤ ቀስ ይላል፣ ይስቃል፣ አማርኛው እንደ ወተት ይወርዳል። የስኳር በሽታ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ሰውን የሚያሳምመው ራሱ መርፌው እንደሆነ ይናገራል። እኔ በአንድ ጆሮዬ እየሰማሁ በሌላው ደንበኛ አዋራ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ሰማሁ። «ይሄ ይሄዳል» አልኩና እንደ ልማዴ ቆረጥኩት። ስቸኩል ቃል መሐል ገባሁ። «ወዳጆቼ፣ ላታልላችሁ አልፈልግም» ብሎ የሚጀምረው ሰውዬ «ዳጆቼ፣ ላታልላችሁ አልፈልግም» ብሎ ጀመረ። ለአንዲት ፊደል ብዬ አልመለስም አልኩ።

በዚያ ወር በጣም የተጫነው እሱ ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ጋሽ ያዕቆብ መጡ። ጋሽ ያዕቆብ ከሸዋ ቤንች ወዲያ ባለ ቀበሌ ቡናና ኮረሪማ ያላቸው ገበሬ ናቸው። አማርኛን የተማሩት ገበያ ላይ ስለሆነ ቃል መርጠው ነው የሚናገሩት። ሁልጊዜ መዝሙር ነበር የሚያስጭኑት። ያን ቀን ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው፤ ካርዱን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና አልተቀመጡም።

«ምህረት፣ የዶክተሩን ቀሪ ጫኚልኝ።»

«የቱን ዶክተር ጋሼ?»

«የስኳሩን። መርፌ ካቆሙ በኋላ በሰባተኛው ቀን ምን እንደሚደረግ ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ ብሎ ነበር። ከዚያ ወሬው አለቀ። ቆየት ያለው የለም።»

እኔ ሌላ ካርድ እየጫንኩ ነበር። ቀና ሳልል «ለምን ፈለጉት?» አልኳቸው።

«ማርታ ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው።»

እጄ ቆመ። ማርታ ሚስታቸው ናት። ገበያ ስትወጣ እየመጣች የመዘምራንን ስም አንድ በአንድ እየጠራች ታስጭነኛለች፤ ከረሜላ ስሰጣት «እኔ ስኳሬን ይዤ ነው የምዞረው» ብላ ትስቃለች።

«እንዴት ናት አሁን?»

«ትናንትና ውሃ፣ ውሃ አለች። እንስራውን ጨረሰችው። ዛሬ ጠዋት አስመለሳት። አሁን ትተኛለች። ዶክተሩ መርዙ ሲወጣ እንዲህ ነው ብሏል፤ እሱን እናውቃለን። ሰባተኛውን ነው ያላወቅነው።»

የጣልኩትን ቀሪውን ክፍል ከኮምፒውተሬ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ፈልጌ አወጣሁት። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰካሁና ወደ ፊት እያስሮጥኩ ሰማሁ። ስለ ሰባተኛ ቀን የሚናገር የለም። ፕሮግራሙ መሐል ላይ አዘጋጁ አንዲት የስኳር ሐኪም አስገብቷል። ሐኪሟ እንግዳውን ትሞግታለች፣ እሱ ይስቃል፣ እሷ አትስቅም። እኔ ያኔ «ክርክር ነው፣ ያንቀላፋል» ብዬ የጣልኩት ይህን ነው። «ይህን እየሰማ መርፌ ያቆመ ሰው ካለ» ትላለች፣ «ውሃ ጥም፣ ማስመለስ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ከጀመረው፣ የቀረው ጊዜ በሰዓት ነው የሚቆጠረው።»

ጋሽ ያዕቆብ ፊቴን ያዩ ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ከአፌ የወጣው ለማርታ የሚሆን ቃል አልነበረም፤ ለራሴ የሚሆን ነበር። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ጫኝ ነኝ እንጂ ተናጋሪ አይደለሁም» አልኳቸው። «አህያ ምን እንደተጫነች ትጠየቃለች?»

አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻለኝ። «እኔስ መች ተናጋሪውን አውቀዋለሁ?» አሉ። «እኔ የማውቀው አንቺን ነው።»

ሱቁን ዘጋሁት። ካርዱ ያልተጫነለት ደንበኛ ከውጭ እየጮኸብኝ ቀሪውን ክፍል በስልኬ ይዤ ወጣሁ። በመንገድ ላይ ነገሩን ነገርኳቸው፤ ያ ሰውዬ ሐኪም አለመሆኑን፣ ማርታ አሁኑኑ ሆስፒታል መግባት እንዳለባት። ሰሙኝና «ለእኔ አትንገሪኝ፣ ለሷ ንገሪያት። ትናንት ማታ እንሂድ ብያት እንቢ ብላለች» አሉኝ። ሞተር ይዘን ሦስት ሆነን ወጣን። ሾፌሩ ከፊት፣ እኔ መሐል፣ ጋሽ ያዕቆብ ከኋላ። ዝናቡ ከተማውን ሳንለቅ ያዘን። ወደ ማርታ ስልክ ደወልኩ፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ…» አለችኝ ያቺ ሴትዮ። መንገዱ ሁሉ ከሷ ጋር ስጣላ ነው የሄድኩት።

ከአስፋልቱ ወርደን ሞተሩ የማይገባበት ደረስን። ከዚያ በእግር አርባ ደቂቃ፣ በቡናው ሥር ሽቅብ። እሸቱ ቀልቷል፣ ለቃሚ የለም፤ ቤቱ ሰው የታመመበት መሆኑ ከዚያ ያስታውቃል። ሁለቴ ወደቅኩ። ጋሽ ያዕቆብ ያነሱኝና ይቀጥላሉ። በሆዴ «ደርሰን ብትሞትስ? ሳንደርስ ብትሞትስ?» እያልኩ እቆጥራለሁ፤ የምቆጥረው ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ማርታ በሕይወት ነበረች። ግድግዳው ሥር ፍራሽ ላይ ተጋድማ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ትንፋሿ ረጅምና ጥልቅ ሆኖ፣ የበሰበሰ ሙዝ የመሰለ ሽታ አለው። ታላቅ እህቷ እማማ አስቴር ራስጌዋ ተቀምጠዋል። ስልኩ ከትራሱ አጠገብ ነው።

«ምህረት ናት፣ ወሬ የምትጭነዋ» አሉ ጋሽ ያዕቆብ። «ቀሪውን ይዛ መጥታለች።»

የእማማ አስቴር ፊት በራ። «ተመስገን፤ እንስማው።»

ጋሽ ያዕቆብን «ቃሬዛ ያዘጋጁ፣ ሰው ይጥሩ» አልኳቸው፤ ወጡ። እኔ ተንበርክኬ «ማርታ፣ ተነሺ፣ ሆስፒታል እንሂድ» አልኳት።

ዓይኗን ገለጥ አደረገች። «መርፌ አልወጋም።»

«ማርታዬ፣ ትሞቻለሽ።»

«ስምንት ዓመት ወጋሁት ይሄን ሆዴን። አምስት ቀን ሰው ሆንኩ። ሁለት ቀን ነው የቀረኝ።» ቃሉን የምታወጣው በጭንቅ ነበር።

ስልኬን ከፍቼ ሐኪሟን አሰማኋት። አቤት ያን ጊዜ እንዴት እንዳፈርኩ። ሐኪሟ እውነቱን ነው የምትናገረው፤ ግን እውነቱ በፈረንጅ ቃል ተሞልቷል። ኢንሱሊን፣ ኬቶን፣ ሃይፐር ምናምን። እማማ አስቴር ትንሽ ሰሙና እጃቸውን አወናጨፉ።

«ይቺ ደግሞ ምን ትላለች? እሱ ይሻላል፤ እሱ በሚገባን አማርኛ ነው የሚያወራው። ደግሞ ዶክተሩ እሱ ነው።»

«እማማ፣ እሱ ዶክተር አይደለም።»

«ነው እንጂ። ልጄ አንብባልኛለች።» ስልኩን አንስተው ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት። እኔ የጻፍኩት ነው። ዶክተር፤ አራት ፊደል። ከሥሩ የሰውዬው ወሬ።

ውጭ ጋሽ ያዕቆብ ጎረቤት ሲጣሩ ይሰማኛል። መዋሸት እችል ነበር። «ዶክተሩ ራሱ ተሳስቻለሁ ብሏል» ብላት ምናልባት ትነሣልኝ ነበር፤ አስቤዋለሁም። ግን እሷን እዚህ ያስተኛት የሰው ድምፅ ቆርጦ መቀጠል ነው፤ ሌላ ልጨምርበት አልቻልኩም።

«ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ጣቴን ስክሪኑ ላይ አሳረፍኩ።

«ዶክተር ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሰውዬው ራሱ እንኳ ዶክተር ነኝ አላለም። ሌላ ዶክተር የነበረበት ፎልደር ውስጥ ከተትኩት። መጀመሪያው ላይ አዘጋጁ ‹እንግዳችን ሐኪም አይደሉም፤ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ መድኃኒት አታቁሙ› ይል ነበር። ሁለት ደቂቃ ነው። እሱንም ቆርጬዋለሁ።»

ማርታ ዓይኗን ሙሉ ገለጠች። «አንቺ?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«አሰልቺ ስለነበረ» አልኳት፤ እንባዬም መጣ።

ኋላ እንደነገረችኝ፣ በልቧ ያመነችው ዶክተር የሞተው ያን ጊዜ ነው። በሐኪሟ ክርክር አልተለወጠችም፤ የምታውቃት ሴት ፊቷ ተንበርክካ ስታፍር ነው ያመነችው። «አስቴር» አለች በመጨረሻ፣ «ነጠላዬን ስጪኝ።»

እማማ አስቴር ግን ነጠላውን ከማቀበላቸው በፊት እኔን በጥፊ አሉኝ። ይገባኝ ነበር።

ስምንት ጎረቤቶች እየተቀያየሩ ተሸከሟት። ቡናቸውን ጥለው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ አንዱም «ምን ሆና ነው?» ብሎ ለመጠየቅ አልቆመም። ጋሽ ያዕቆብ ከቃሬዛው ጎን እየሮጡ በራሳቸው ቋንቋ ያናግሯታል፤ እሷ መጀመሪያ ትመልስላቸው ነበር፣ ኋላ ማጉረምረም ሆነ፣ ከዚያ እሱም ቀረ። ድምፅዋ ሲጠፋ ምን ምን እንዳልኩ አላውቅም። አስፋልቱ ላይ ቡና የጫነ አንድ አይሱዙ አስቁመን ጆንያ ላይ አስተኛናት። እኔ ጭንቅላቷን ይዤ ነበር። በየጠመዝማዛው ትንፋሿን አዳምጣለሁ፤ በሕይወቴ አንድን ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳልቆርጥ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ሆስፒታል ሐኪሙ እየሮጠ ከሚሠራው ቀና ብሎ «መርፌዋን ለምን አቆመች?» አለ። ጋሽ ያዕቆብ ወደ እኔ አዩ። አልተናገሩብኝም።

«በእኔ ምክንያት ነው» አልኩ።

«አንቺ ምኗ ነሽ?»

«ወሬ ጫኚዋ።»

ሐኪሙ ምን ማለቴ እንደሆነ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረውም።

እሑድ ጠዋት ነቃች። ከአንድ ሳምንት በላይ ተኝታ ወጣች። ኩላሊቷ ተጎድቶ ነበር፤ ዛሬም ክትትል ላይ ናት፤ እንደ ድሮው ቡና ለቀማ አትወጣም። «ተርፋለች» ሲሉኝ የማይገባኝን ደስታ ይሰጡኛል፤ የተረፈው ግን ሁሉም እንዳልሆነ አውቃለሁ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ አሁን «ታዲያ ወሬውን የሚያሰራጨው ትልቁ ድርጅትስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ብዬ ነበር። ከሆስፒታል ተመልሼ ወሬውን ያወረድኩበት መተግበሪያ ላይ አቤቱታ ጻፍኩ፤ በአማርኛም በተሰባበረ እንግሊዝኛም። በደቂቃ ውስጥ መልስ መጣ፤ ማሽን የጻፈው። ፍሬ ነገሩ ሲጨመቅ፣ እኛ የሰዎችን ድምፅ የምናደርስ መድረክ ነን፣ ለይዘቱ ኃላፊው ተናጋሪው ነው የሚል ነው። ሳነበው ፊቴ ጋለ። ባንኮኒዬ ላይ ቆሜ ለጋሽ ያዕቆብ የመለስኩት መልስ ነው፤ ቃሉ ብቻ ነው የተኳለው። ጫኝ ነኝ እንጂ ተናጋሪ አይደለሁም።

ያን ጊዜ ነው የአህያዋ ነገር የገባኝ። አህያ በእርግጥ ስለ ጭነቷ አትጠየቅም። ግን አህያ ጭነቷን አትመርጥም፤ ከጭነቱ የማይጣፍጠውን ቆርጣ አትጥልም፤ ስም አታወጣለትም፤ ይሄ ይሄዳል ብላ ከሁሉ በላይ አታስቀምጠውም። እኔ ይህን ሁሉ አድርጌያለሁ። እነሱም ያደርጋሉ። ዛሬም ያን መተግበሪያ ስከፍት ያ ወሬ «ብዙ የተደመጠ» ተብሎ ከላይ ተቀምጧል፤ ማንም ወደ ላይ ያላወጣው ነገር በራሱ እግር አይወጣም። ቢናደዱብኝም፣ የመረጠ ሰው አህያ ነኝ ሊል አይችልም። እነሱን የሚጠይቅ ሕግ አንድ ቀን ይመጣ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔን ግን ጋሽ ያዕቆብ ጠይቀውኛል።

ዛሬ እስከ መጨረሻው ያልሰማሁትን አልጭንም። ደንበኛዬ ቀንሷል፤ «ምህረት ሰነፈች» ይሉኛል። ማርታ ብዙ ወር ካኮረፈችኝ በኋላ ካርዷን በጋሽ ያዕቆብ ላከችልኝ። «አንቺ የሰማሽውን ብቻ» ብላለች አሉኝ። መሐል ገበያ ላይ አለቀስኩ።

ያን ወር ካርድ የጫንኩላቸው ሰዎች ጋ ሁሉ፣ የማስታውሰውን ያህል፣ እየዞርኩ ወሬውን አጥፍቻለሁ። ግን እናንተም ታውቃላችሁ፣ ነገር ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ካርድ ከእጅ እጅ ይሄዳል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይቀዳል።

በቀደም ወደ ቴፒ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ሾፌሩ ፍላሽ ሰካ። የማውቀው ድምፅ ተሰማ፤

«ዳጆቼ፣ ላታልላችሁ አልፈልግም።»

«የት ነው ያስጫንከው?» አልኩት ሾፌሩን።

«ማሻ» አለ። «ምነው?»

ለማሻ ከተማ ሰው በሕይወቴ አንድ ካርድ ጭኜ አላውቅም። ከወንበሬ ተነሣሁ። ጣሪያው ራሴን መታኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ እያየኝ፣ ለማርታ የነገርኳትን ያንኑ፣ አንድም ሳልቆርጥ ተናገርኩ። አንዳንዱ ሳቀ። አንዱ «እብድ ናት» አለ። ሾፌሩ ግን አጠፋው። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴትዮ በዝግታ «አንቺ ልጅ፣ ስትወርጂ ላናግርሽ» አለችኝ።

አናገርኳት። ስለሷ እዚህ አልጽፍም፤ ነገሩ የሷ ነው።

ይህን የጻፍኩት ስልካችሁን እንድትከፍቱ ነው። የእናታችሁን፣ የአባታችሁንም ክፈቱ። «ዶክተር» የሚል ፎልደር ካለ ግቡበት። ውስጡ «ዳጆቼ» ብሎ የሚጀምር ድምፅ ከሰማችሁ፣ የጎደለችው «ወ» እኔ ጋ ናት። ከሷ በፊት የነበሩት ሁለት ደቂቃዎችም እኔ ጋ ናቸው። መጥታችሁ ውሰዱ።